መቶ ሌሊት የተዘጋ ውሃ

እስከ ወገቤ ውሃው ውስጥ ቆሜ ሳለ ኔማኒ ከአሸዋው ላይ ሲጮኽብኝ ሰማሁት። ኔማኒ የአክስቴ ልጅ ነው። እኛ ፊጂዎች ዘንድ የአክስትና የአጎት ልጆች ሲገናኙ መሰዳደባቸው ወግ ስለሆነ የሚቀልድ መሰለኝ።

“ውጣ! አንተ ፈረንጅ፣ ውጣ ብዬሃለሁ!”

“ይልቅ አንተ ግባ! እኔ ከሄድኩ ወዲህ የታጠብክ አትመስልም!”

አልሳቀም። ሻንጣዬን ጥሎ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ያኔ ነው የደነገጥኩት።

አባቴ የመንደሩ አለቃ ነበር። አለቃ ሲሞት ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ውሃ፣ ከነጩ አሸዋ ማዕበሉን እስከሚሰብረው የኮራል ድንጋይ ድረስ፣ ለመቶ ሌሊት ይዘጋል። ማንም አያጠምድበትም፣ እግሩንም አይነክርበትም። የቅርብ ሐዘንተኞች ዓሣ አይቀምሱም። መቶው ሲሞላ ጠዋት ላይ በድግስ ይከፈታል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አባትህ አረፈ ብለው ሲደውሉልኝ ኒውዚላንድ ውስጥ የተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ነበር። ለቀብሩ አልመጣሁም። ትኬት አጣሁ አልኳቸው። እውነቱ ግን ፈርቼ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሬሳ ለማየት ብቻ መምጣት አስፈራኝ። ከዚያች ቀን ጀምሬ ግን ሌሊቶቹን አንድም ሳላጓድል ቆጠርኩ። ረቡዕ ዕለት ጀልባው እኔንና ሊቀበለኝ የመጣውን ኔማኒን ከደሴቱ ጀርባ ሲያወርደን መቶ አንድ ሞልቶኝ ነበር። ኮረብታውን ተሻግረን ስንወርድ ቅጠል የታሰረበትን የክልከላ ምሰሶ አሸዋው ላይ አየሁት። ለቅዳሜው ድግስ ብለው የተዉት መሰለኝ።

ውሃው ደግሞ እንዲያ ሆኖ! ዳር ዳሩ መስታወት ነው፤ ራቅ ሲል አረንጓዴና ሰማያዊ ይቀላቀልበታል፤ ከኮራሉ ወዲያ ድንገት ይጠቁራል። አሸዋው ከእግሬ ሥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ኔማኒ ሻንጣዬን ተሸክሞ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ ነበር። ጫማዬን ብቻ አውልቄ ከነልብሴ ገባሁ። የእግር ጣቶቼን ከሥር አንድ በአንድ አያቸው ነበር።

“ስንት ብለህ ነው የቆጠርከው?” አለኝ ኔማኒ ስወጣ።

“መቶ አንድ።”

“የዛሬው ሌሊት ዘጠና ስምንተኛው ነው! ያን ሁሉ ዓመት ቁጥር ተምረህ መቶ መቁጠር አቃተህ?”

ስድቡ ስድብ ነው፤ ዓይኑ ግን ወደ መንደሩ ይማትር ነበር።

“ማንም አላየንም” አልኩት።

“እኔ አይቻለሁ።”

የተዘጋ ውሃ ከተደፈረ ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል። ለቅዳሜ ዘመዶቻችን ከአራት ደሴት ጀልባ ይዘዋል። የኔማኒ እናት፣ አክስቴ ኡናይሲ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መረብ ስትጥል የኖረች ሴት ዓሣ ከቀመሰች ዘጠና ሰባት ሌሊት አልፏል። እኔ ለአምስት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ስለቆምኩ ሌላ መቶ ሊጨመርባት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ የአጎቴ የኤሮኒ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ከአባቴ ቀጥሎ አለቃ የሆነው እሱ ነው። ጥፋተኛ ስለራሱ አይናገርምና ኔማኒ በእኔ ፈንታ ለይቅርታ የሚቀርበውን የካቫ ተክል ሥር መሬት ላይ አኖረና አጨብጭቦ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ በሩ አጠገብ አቀርቅሬያለሁ።

“ወግ ወግ ነው” አለ አንድ ሽማግሌ። “ከአንድ ይጀመር።”

“ለድግሱ ሊታረዱ የነበሩት አሳማዎች ደስ ይላቸዋል” አለ ሌላው፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቁን ዋጠ።

አጎቴ ግን ወጉን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። “ሳኪዩሳ፣ ራስህ ንገረኝ። ከመቼ ጀምረህ ነው የቆጠርከው?”

“ስልክ ከተደወለልኝ ሌሊት ነው፣ አጎቴ።”

ከዚያ አክስቴ ኡናይሲ ከሴቶቹ መሀል ተናገረች።

“በዚያ ሳምንት ማዕበል ነበር። ወንድሜ ሆስፒታል ሬሳ ክፍል ውስጥ አራት ሌሊት አደረ፤ ጀልባ እስኪገኝ። እኛ የቆጠርነው አፈር ካለበስነው ሌሊት ጀምሮ ነው። ይህ ልጅ አፈሩን አላየ፣ ከየት ብሎ ይቁጠር?”

ከስድብ ሁሉ የበለጠ ይህ ወጋኝ። መቶ አንዱንም ሌሊት ቆጥሬ አባቴ መቼ እንደተቀበረ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

“እና ውሃው አልተደፈረም ትያለሽ፣ እታለም?” አላት አጎቴ።

“ቆጠራው አልፈረሰም ነው የምለው። ቆጠራው የእኛ ነው፤ ከእኛ ማንም አልገባም። እሱ ገና አልጀመረም። ያልጀመረውን እንዴት ያፈርሳል? የእኛ ቅዳሜ ይሙላ። እሱ መቃብሩ ላይ ያልቅስና ከዛሬ ሌሊት ይጀምር።”

“መቶ?”

“አዎ፣ መቶ። ለእሱ ለብቻው ይቀነስለት እንዴ?”

አጎቴ ይቅርታውን ተቀብሎ ካቫውን አነሳና አጨበጨበ። አለቀ።

የመመለሻ ትኬቴ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። አመሻሹ ላይ አክስቴ ወደ መቃብሩ ወሰደችኝ፤ በነጭ አሸዋና በኮራል የተከበበ ነው። አለቀስኩ። ሐሙስ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ኒውዚላንድ ላለችው ርዕሰ መምህሬ ደወልኩ። መቶው እስኪሞላ ደሞዝ የሌለው ፈቃድ ስጠይቃት “እስኪ አያለሁ” አለችኝ። መልሷን እስካሁን አላወቅኩም። ስወርድ ሞኝ እንደሆንኩ ተሰማኝ፤ ደግሞ እግሬ ቀለለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ምሰሶውን ነቀለ። ሕዝቡ እየጮኸ ገባ። መቶ ሌሊት ማንም ያልነካው ዓሣ ሰው መፍራት ረስቶ በሴቶቹ ጉልበት መሀል ይተራመስ ነበር። እኔ የተቀቀለ ካሳቫ ይዤ አሸዋው ላይ ተቀምጫለሁ።

“አንተ ፈረንጅ!” ጮኸ ኔማኒ እስከ አንገቱ ገብቶ። “ውሃው እንዴት ይሞቃል መሰለህ! ልንገርህ ወይስ ራስህ ታስታውሰዋለህ?”

“ስጠም!”

አክስቴ ከነቀሚሷ በስብሳ ወጣች። ሞልቶ የሚንፈራገጥ ቅርጫት እግሬ ሥር ደፋችና ቢላዋ ሰጠችኝ።

“የተከለከልከው መብላት ነው፤ ማጽዳት አይደለም። እንግዶቹ ሳይደርሱ ቅርፊቱን ግፈፍ።”

አንዱን አንስቼ ከራሱ ወደ ጅራቱ መፋቅ ጀመርኩ። ቢላዋው አዳለጠኝ። ትንሽ አየችኝና እጄን ይዛ አዞረችው፤ ከጅራቱ ወደ ራሱ። ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ፊቴ ላይ ተለጠፈ።

“አሁንም አታውቅበትም” አለች እየሳቀች። “ግድ የለም፤ ጊዜ አለህ።”

መረቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ውሃው ተመለሰች። እኔም ሁለተኛውን ዓሣ አነሳሁ።