ወፍራሙ አኩርፏል

የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ዳይሬክተር፣ መልእክት ለሁሉም ሰው በአንዴ የሚያደርስ ሲስተም አሠርታ ነበር። ምን ያደርጋል፣ መልእክቱን ዞር ብሎ የሚያይ ተማሪም መምህርም ጠፋ።

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሯ ላይ እየሠራች ሳለ የቤታቸው ድመት ነገር ከነከናትና ለባሏ ጻፈች፦ «ወፍራሙ ከትናንት ጀምሮ አኩርፏል። ወተት ስጠውና ሆዱን አሸት አሸት አድርገው።» ገጹ ተምታቶባት ለመላው ዩኒቨርሲቲ ላከችው።

ፕሬዚዳንቱ ደግሞ ደንደን ያሉ፣ ሰሞኑን ፊታቸው ያልተፈታ ሰው ናቸው። ከምሳ በፊት ቢሯቸው በር ላይ ወተት በወተት ሆነ። አንድ ደፋር ተማሪ እንዲያውም እጁን ወደ ሆዳቸው ሲሰድ ጥበቃው ለጥቂት ያዘው።

ዳይሬክተሯ ተጠራች። በር ላይ የተከመረውን ወተት እየተሻገረች ገባች።

«ወፍራሙ ማነው?» አሉ ፕሬዚዳንቱ።

«ድመታችን ነው ጌታዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተሳስቼ ነው።»

«ድመት?» ቅር አላቸው። «እኔ ደግሞ ማኩረፌን ያየልኝ ሰው ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ!» ከአፋቸው የወተቱን አረፋ ጠረጉና፣ «ለመሆኑ ስንት ሰው አነበበው?» አሉ።

«ሁሉም።»

ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። «በይ፣ ከዛሬ ጀምሮ የቴክኖሎጂ ምክትሌ ነሽ። የፈተናውንም ማስታወቂያ አንቺው ጻፊልን።»

ማታ ባሏ «በምን ሥራሽ ነው የሾሙሽ?» ቢላት፣ በሳቅ ሶፋው ላይ ተዘረረች።