ቮልቱ ሲወርድ የሚጮኸው ስልክ

ፍሪጄ ሲቃጠል የሰፈሩ መብራት ሁሉ በሐዘን ደብዝዞ ነበር። ሁለተኛው ፍሪጅ ሲከተለው ልጄ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሷ፣ ከምትሠራበት ከተማ መጥታ የክብሪት ቀፎ የምታህል ሣጥን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

«ይቺ ቮልት ትለካለች። ከኮምፒውተርህ ጋር ትገናኝና በኢንተርኔት እኔም እዚያ ሆኜ አየዋለሁ።»

«እኔን ቮልት ልታስተምሪኝ? እኔ እኮ ሶኬት አጠገብ ሳልፍ ቮልቱ ከመቀመጫው ይነሳልኛል!»

«አባዬ፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርደው።»

አወረድኩት። ቤቱ ጨለመ። በቴስተር መጥፋቱን አረጋገጠች።

«ሣጥኗ የምትችለው ዝቅተኛ ቮልት ብቻ ነው። ከሶኬት በቀጥታ ብታገናኛት እሷም፣ ኮምፒውተሩም፣ አንተም አለቀላችሁ። መሀል ያለው ትራንስፎርመር ነው ቮልቱን አውርዶ የሚሰጣት። ሽፋኑን እንዳትከፍት። ሽቦ የምትነካ ከሆነ መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ በቴስተር አረጋግጥ።»

«በምላሴ አረጋግጣለሁ።»

«አባዬ!»

ብሎኖቹን አጥብቃ፣ ሽፋኑን ገጥማ መብራቱን መለሰችው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር መሮጥ ጀመረ። ሶኬቱን በእጅ መለኪያዋ ለክታ ከስክሪኑ ቁጥር ጋር አስተያየች፤ ገጠመ። ጉንጬን ስማኝ አውቶቡሷን ለመያዝ ወጣች።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ባለ ሦስት ክፍሉ ቤቴ ሦስት መቶ ክፍል ሆኗል። ከአንዱ ጫፍ ብጠራ ከሌላው ጫፍ የሚመልስልኝ የራሴ ድምፅ ነው፤ እሱም ደክሞት ይደርሳል።

በማግስቱ ሻይ ላፈላ የኤሌክትሪክ ምድጃዬን ስለኩስ ስልኩ ጮኸ።

«አባዬ፣ ቮልቱ ወረደ። ምን አበራህ?»

«ምድጃ ነዋ።»

ከምድጃው ወደ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ ወደ አለቃዋ ክፋት፣ ከዚያ ወደ ልጅነቷ ተጫወትን። ውሃው ተንኖ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ምድጃዬ እረፍት አላየም። ሳይርበኝም እጥዳለሁ። መስመሩ ዝቅ ይላል፣ ስልኩ ይጮኻል።

«ደግሞ ምን ጣድክ?»

«እንግዳ ነው ልጄ! ቤቱ መቆሚያ የለውም።»

«ድምፃቸው አይሰማም እኮ።»

«እየበሉ ነው፣ አፋቸው ሙሉ ነው።»

ሳቀች። ሳቋን ለመስማት እንግዶቹን አበዛኋቸው፤ አንድ ቀን መዘምራን ጨመርኩበት።

እሷ ግን መሐንዲስ ናት። ያን ሁሉ እንግዳ የሚመግብ ምድጃ ሽቦውን አግሎ ቤቱን ያቃጥለዋል ብላ ፈራች። ሳትነግረኝ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላከችብኝ። ሰውየው ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚመጣውን ሽቦ አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ እንኳን ምድጃ፣ እርጥብ ካልሲ አይሸከምም!»

«አትንካው! ደህና ነው!»

«ልጅዎ አዝዛኛለች። እንግዳ ይበዛብዎታል አሉ።»

ዙሪያውን ቃኘ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው አንዲት ብርጭቆ ናት። ወደ እኔ ሳያይ መሰላሉን አነሳና ሥራውን ጀመረ። አመሻሹ ላይ ጣት የሚያህል ሽቦ ዘርግቶልኝ ሄደ።

ምድጃውን ለኮስኩ። ወፍራሙ ሽቦ ተሸከመው፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ካውያ ጨመርኩ፣ የውሃ ማሞቂያ ጨመርኩ። ወይ ፍንክች! ስልኩም እንደ ድንጋይ ተጋደመ።

ካቻቢቴዬን አንስቼ ትራንስፎርመሩ ጋ ሄድኩ። ሽፋኑን ከፍቼ አንዷን ሽቦ ብነካካ መስመሩ ይዘላል፤ ትደነግጣለች፤ ማን ያውቃል፣ ትመጣም ይሆናል። ብሬከሩን አላወረድኩም። ካወረድኩትማ መብራት ጠፋ ብላ ዝም ትላለች። የመጀመሪያውን ብሎን ፈታሁ። ከዚያ እኔ ሽቦው ላይ ተጣብቄ ስቀር፣ እዚያ ማዶ መስመሩ ድንገት ቀጥ ሲል እሷ ቁጭ ብላ ስታየው ታየኝ። ብሎኑን መልሼ አጠበቅኩና እኔው ደወልኩ።

«አባዬ? ቮልቱ ደህና ነው እኮ፣ እያየሁት ነው።»

«ደህና ነው። ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።»

«እንግዶችህስ?»

ግቢው ሞልቶ ወደ መንገድ ፈሰዋል ልላት አፌን ከፈትኩ።

«ማንም የለም።»

«ሄዱ?»

«አልመጡም ልጄ። መጥተውም አያውቁም።»

 ከኋላዋ ወንበር ሲጎተት፣ ሰዎች ሲንጫጩ ይሰማኛል።

«አባዬ... ስብሰባ ልንገባ ነው። ስወጣ እደውልልሃለሁ፣ እሺ?»

«መስመሩ ባይወርድም?»

«ባይወርድም።»

ምድጃውን አጠፋሁ። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ስብሰባ ሙሉ ክረምት እንደሚፈጅ ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው።