የተገለበጠ ጫማ

ሐጂ ሙሕሲን ጽሑፉን እያነበቡ አራተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው ቀጥ አለ።

እስከዚያማ ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሳቁት። የሙሰዲቅ የቴሌቪዥን ኮሜዲ በየክፍሉ አንድ የፈጠራ የሴራ ወሬ አለው፦ ሙቀቱን በድብቅ የሚለቁት የማራገቢያ ነጋዴዎች ናቸው፤ የከተማው ፍየሎች ካርቶን የሚበሉት ማስረጃ ለማጥፋት ነው። ሦስት ፕሮዲውሰሮች «እንደውልልሃለን» ብለው ጠፍተውበታል። የካርቲየ 1 ሰፈር ነጋዴ የሆኑት ሐጂም ማሠሪያውን ለመክፈል እምቢ ካሉት፣ ሐሙስ ድሬዳዋ ሄዶ የአጎቱ መጋዘን ሥራ ሊገባ ለእናቱ ቃል ሰጥቷል። ከዚያስ ሞቱን ይመርጥ ነበር።

«ይሄን ማን ነገረህ?»

«ማንም፣ ሐጂ። ወላሂ ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

ክፍሉ እንዲህ ነው፦ በቀትር፣ ሱቅ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ሲተኛ፣ ከባሕር የሚወጡ ቆጣሪዎች በየቤቱ የተኛውን ይቆጥራሉ። በተቆጠረ ቤት ሳምንት ሳይሞላ ሰው ይጎድላል። መዳኛው አንድ ጫማ ደጃፍ ላይ ገልብጦ መተው ነው። የተገለበጠ ጫማ ያየች እናት ሁሉ ገደቢስ ነው ብላ ሮጣ ስለምታቃናው፣ ሰው በዚህ ይስቃል ብሎ ነበር ሙሰዲቅ።

«አውጣው» አሉ ሐጂ ወረቀቱን በጣታቸው ጫፍ ከፊታቸው እየገፉ። «የቀረውን እኔ አሠራዋለሁ።»

«ምርጡ እኮ እሱ ነው!»

«አውጣው አልኩህ፣ ልጄ።»

ሙሰዲቅ በእስክሪብቶ ሰረዘው። ተጨባበጡ። ደስታው ሊያዘልለው ምንም አልቀረው፤ የአጎቱ መጋዘን ገደል ይግባ!

ሐጂ ሸኝተውት በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ጎንበስ ብለው አንድ ሰንደላቸውን ገለበጡ። ሙሰዲቅ ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው። ቀትር ነው፤ መንገዱ ጭር ብሏል። በተዘጋው በር ሁሉ ሥር አንድ አንድ ጫማ ሶሉን ወደ ሰማይ አዙሮ ተኝቷል። «እስከ ዛሬ ዓይኔ የት ነበር?» አለ።

ወደ ሰፈሩ ወደ ባልባላ የሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ በቀር ማንም አልነበረም።

ቤት ሲደርስ የእናቱ የማይሙና ጫማዎች ደጃፉ ላይ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። እናቱ በዚህ ሰዓት ብቻዋን ነው የምትተኛው። የገዛ ቀልዱን መፍራቱ አሳፈረው። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ።

«ሙሰዲቅ?» አለች ከውስጥ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። «ደግሞ ምን ረስተህ ተመለስክ? አሁን አይደል ራስጌዬ ቆመህ ‹አንድ› ብለህ የወጣኸው?»

ጫማው በእጁ እንዳለ ቀረ።