ሦስቱም በአንድ ገመድ

የሥራ ጓደኞቹ «ሦስት በአንድ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ከአፉ ከማትጠፋው ንግግሩ ነው። በየሰው ቤት መሰላሉን ደግፎ፣ አሮጌውን የስልክ ሽቦ ነቅሎ፣ በምትኩ ቀጭን ገመድ ወደ ሳሎን ካስገባ በኋላ፣ «ከእንግዲህ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ቴሌቪዥኑም በዚችው ነው የሚመጣው፤ ሦስቱም በአንድ!» ይላል። ከዚያ ገመዱ የሚሰካባትን ጥቁር ሳጥን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ምን መደረግ እንደሌለበት ያስጠነቅቃል። መጀመሪያ ሰሞን ሲናገረው ደስ ይለው ነበር። አሁን አፉ ይናገራል እንጂ ልቡ አልጋው ላይ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የእናቱንም ቤት መስመር የቀየረው እሱ ነው። ሲደርስ ወገቡ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም ነበር። ሳጥኗን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሸጎጠ፤ የሁለቱንም መሰኪያ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ሰካ፤ የቤቱን ስልክ አገናኘና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተዘረረ። እናቱ አዲሱን ቴሌቪዥን ወዲያው ለመደችው። ተከታታይ ድራማዋ መሀል «አሁንም እየተመለከቱ ነው?» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ፣ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትመልስለታለች።

እናቱና ታላቅ እህቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሁለት ዓመት አልፏል። እህቱ ሳታማክር አገባች፤ እናት አኮረፈች፤ ልጅም እልኸኛ ናት፣ ወደ ባሏ ከተማ ሄዳ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ወሬ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ቀን የሰው ገመድ ሲጎትት ይውላል፣ ማታ ራሱ ገመድ ይሆናል። ሰልችቶታል።

ዛሬ መሰላል ላይ ሳለ እህቱ ደወለች።

«ዳቦ ቤቱን ዘግቼ ስወጣ፣ ልክ ዜናው ሲያልቅ ስንቴ ደወልኩላት መሰለህ! አታነሳም። ልወልድ ነው እኮ፤ እናቴ አጠገቤ እንድትሆን ነው የምፈልገው። ዛሬ ማታ ለመጨረሻ ጊዜ እደውላለሁ። ካላነሳች እናት የለኝም።»

«በእኔ ሞባይል ላገናኝሽ?»

«አልፈልግም! በገዛ እጇ ታንሳው።»

ቃሏን እንደማታጥፍ ያውቃል። እናቱ ግን ስትጠየቅ ሁልጊዜ «አንድም ቀን ደውላ አታውቅም» ነው መልሷ። እሱ በምሳ ሰዓት ሲደውልላት ስልኩ ወዲያው ይነሳል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዷ ትዋሻለች ማለት ነው፤ የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ደግሞ ጉልበት አልነበረውም። ሥራውን ሲጨርስ እግሩን እየጎተተ ወደ እናቱ ቤት ሄደ።

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው። ዜናው ሊያልቅ ነው።

«እህቴ ዛሬ ትደውላለች። ታነሺዋለሽ አይደል?»

«ደውላ ነው ያላነሳሁት? አንተ ደግሞ!»

እጁን ሊታጠብ ገባ። ሲመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። እናቱ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ፣ ስልኩ አጠገብ ጆሮዋን ጥላ ተቀምጣለች። አንጀቱን በላችው። ከጎኗ ተቀመጠና አብረው ጠበቁ። ስልኩ ትንፍሽ አላለም። ብዙ ቆዩ። እናቱ ቀስ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ማጠፍ፣ መዘርጋት ጀመረች።

«አየህ?» አለችው በመጨረሻ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም።

ይሄኔ የእሱ ሞባይል ጮኸ። እህቱ ናት፤ ታለቅሳለች።

«ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም! በቃ፣ ጨረስኩ!»

«ውሸትሽን ነው!» ሲል ጮኸባት። የሁለት ዓመት ድካሙ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ! የቱ ነው የጠራው?» ብሎ እጀታውን አነሳና ጆሮው ላይ አደረገው። ምንም ድምፅ የለም። ቀና ሲል የሳጥኗ መብራቶች ሁሉ ጠፍተዋል። የማከፋፈያው መሰኪያ ከግድግዳው ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ለባዕድ ሁሉ የሚደጋግማት ማስጠንቀቂያ ትዝ አለችው። «ይቺን ብቻ ከሶኬት እንዳትነቅሏት፤ ስልኩም አብሮ ይጠፋል።» ለእናቱ አልነገራትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ። ዜናው ሲያልቅ ሁሌ እነቅለዋለሁ።»

«በሪሞቱ አታጠፊውም?»

«ያ ቀላማጅ! በሪሞት ሲያጠፉት ቆይቶ በራሱ ጊዜ እየተነሳ ይለፈልፋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እህትህ ብትደውል በሱ ጫጫታ ሳልሰማት እንዳልቀር ብዬ ነው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሞባይሉ እጁ ላይ እንደተከፈተ ነው። እህቱ ሁሉንም ሰምታለች፤ ለቅሶዋም ቆሟል። ስልኩን ለእናቱ ዘረጋላት። እናቱ ድምፅ አልባውን የቤት ስልክ ደግማ አየችውና ሞባይሉን በሁለት እጇ ተቀበለችው።

«እማ» አለች እህቱ በቀጭን ድምፅ። «ሁልጊዜ ማታ ነው የምትነቅዪው?»

«ሁልጊዜ ማታ» አለች እናቷ። «ካኮረፍሽኝ ማግስት ጀምሮ።»