ጥረዛ ክፍል የተሸለመ ዕለት

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከሻይ ክበቡ አጠገብ ባለው ሰሌዳ፣ ሁሉም ሰው እንዲያየው ተብሎ። «በበጀት ዓመቱ የላቀ አፈጻጸም ያስመዘገበ የሥራ ቡድን ይሸለማል» ይላል። የምስክር ወረቀት፣ የአዳራሽ ዝግጅት፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ቴርሞስ። ቴርሞስ ስላለኝ ዞር ልል ስል የመጨረሻው መስመር ያዘኝ፤ «በተሸላሚው ቡድን ውስጥ ጊዜያዊ ሠራተኛ ካለ በቋሚነት ይቀጠራል።»

ዘወር ስል ጋሽ ሶርሳ ከኋላዬ ቆሟል። ቶሎ የሚያነብ ሰው አይደለም፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያንኑ መስመር ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ምንም ሳይል እግሩን እየጎተተ ወደ ሥራ ክፍላችን ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

ድርጅታችን ጂንካ ያለ መጽሐፍ አሳታሚ ነው። ለደቡብ ኦሞ ልጆች በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበቢያ ያዘጋጃል፣ ያትማል፣ ይጠርዛል፣ እስከ አርቦሬና እስከ ዱስ ድረስ ይልካል። እኔ ሙሉነሽ እባላለሁ፤ የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ምላሷ ስለታም ነው ይሉኛል፤ አልዋሹም። ከእኔ ጋር ሦስት ቋሚ ሠራተኞች አሉ፤ ኤርጎ፣ ሚልክያስና ሩሃማ። ኤርጎ የአሪ ገበሬ ልጅ ነው፤ ቀን ሙሉ ሦስት ቃል ከተናገረ በዛ። ሚልክያስ የእሱን ድርሻ ጨምሮ ያወራል። ሩሃማ ሁለቱንም ትስቅባቸዋለች። አምስተኛው ጋሽ ሶርሳ ነው።

ጋሽ ሶርሳ ለጉልበት ሥራ ብሎ ከወላይታ የመጣ ሰው ነው። ሕንጻ ሲሠራ ከመወጣጫው እንጨት ላይ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተሰበረ፤ አጥንቱም በወጉ ሳይገጥም ቀረ። ከዚያ ወዲህ የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት ቦታ ጠዋት ጠዋት ቢቆምም፣ አሠሪ መጥቶ እግሩን ያይና አጠገቡ ያለውን ይጠራል። እኛ ዘንድ በጊዜያዊነት ሲገባ እንደ ተአምር ነበር የቆጠረው። ኮንትራቱ እየታደሰ ቆየ፤ ዘንድሮ ግን ሰኔ ሠላሳ እንደሚያበቃና እንደማይታደስ ተነግሮታል። ካልታደሰ የሚመለሰው እዚያው መቆሚያ ቦታ ላይ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

ስለዚህ ማሸነፍ አለብን። ሕትመት ክፍል አዲስ ማሽን አለው፤ ዝግጅት ክፍል ዲግሪ አለው። እኛ ያለን አንድ ረጅም ጠረጴዛ ነው።

ሥራችን እንዲህ ነበር። የታተመው ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በገጽ በገጹ ተከምሮ ይደረደራል። እኛ ተከታትለን እየዞርን ከየክምሩ አንድ አንድ እናነሳለን፤ ዙሩ ሲያልቅ እጃችን ላይ አንድ መጽሐፍ ይሞላል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንዱ ሌላውን አልፎ መሄድ አይችልም። በዚህ ምክንያት አምስታችንም የምንሄደው በጋሽ ሶርሳ እግር ነበር።

የዘንድሮ ትልቁ ሥራ ለዱስና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚላከው ማንበቢያ ነው። የኦሞ ወንዝ ሳይሞላ፣ መንገዱም ጭቃ ሳይሆን መድረስ አለበት። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ሚልክያስ ከኋላ ቸኩሎ ሲራመድ ጋሽ ሶርሳን ገፋው፤ ጋሽ ሶርሳ እንዳይወድቅ ጠረጴዛውን ሲይዝ ክምሩ በሙሉ መሬት ወረደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ተንበርክከን ስንለቅም ዋልን።

እዚያው መሬት ላይ እያለን ጋሽ ሶርሳ «ሙሉ፣ እኔ ልውጣላችሁ። ፈጥናችሁ ጨርሱ» አለኝ።

«አንተን አስወጥተን ለማን ብለን ነው የምናሸንፈው? ለቴርሞስ?» ጮኽኩበት። እኔ ሆዴ ሲባባ ነው የምጮኸው፤ ሰዉ ለምዶኛል።

«እሱ ጥግ ይቀመጥ» አለ ሚልክያስ። «ስሙ ከኛ ጋር ይጻፋል። ማን ያያል?»

«እግዚአብሔር ያያል» አለ ጋሽ ሶርሳ። «ባልሠራሁበት ስሜ አይጻፍ።»

ከሁሉም በፊት አፉን የከፈተው ኤርጎ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲናገር ከመሬት ቀና አይልም። «እኛ ጋ ቤት ሲከደን ሳር ተሸክሞ የሚዞር ሰው የለም» አለ። «ሰው ባለበት ይቆማል። የሚሄደው ሳሩ ነው። ከእጅ ወደ እጅ።»

ሩሃማ ቀድማን ተነሥታ ወንበር መጎተት ጀመረች።

ክምሮቹን ለአራት ተካፈልን፤ በአንድ መስመር ተቀመጥን። እኔ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አንሥቼ በግራዬ ላለው ኤርጎ፣ ኤርጎ የራሱን ጨምሮ ለሚልክያስ፣ ሚልክያስ ለሩሃማ፣ ሩሃማ በሩ አጠገብ መጨረሻ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ለጋሽ ሶርሳ። እሱ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ጠርዙን ያስተካክላል፤ ገለጥ ገለጥ እያደረገ የገጹን ቁጥር ያያል። ከሞላ «ይሂድ» ብሎ በግራው ወዳለው ሳጥን ያሳልፈዋል። ከጎደለ ደግሞ «ጎድሏል» ብሎ ለሩሃማ ይመልስላታል፤ እሷ ለሚልክያስ፣ እንዲህ እያለ የረሳው ሰው እጅ እስኪደርስ ወደ ኋላ ይጓዛል። አትከራከሩት ብዬ ደንብ አወጣሁ። እሱ ጎድሏል ካለ ጎድሏል፤ የእኔም ቢሆን።

መጀመሪያ ላይ ተጣላን። ሩሃማ ትፈጥናለች፣ ሚልክያስ ሲያወራ ይዘነጋል፣ እኔ ሁለቱንም እሰድባለሁ። በኋላ ሩሃማ የመዘምራን ልምምዷን እያንጎራጎረች ስትሠራ እጃችን በእሷ ዜማ ተስተካከለ። በዚያው ሳምንት ሳጥኑ እየሞላ ሌላ ሳጥን መፈለግ ጀመርን። ጋሽ ሶርሳም እግሩ እያመመው ፊቱን መቋጠሩን ተወ። እኔ ይሄን ሳይ ደስ ያለኝን ያህል በሠርጌ ቀንም ደስ አላለኝም፤ ባለቤቴ ይህን ባያነብ ጥሩ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፋሲል አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ አየን። ከሐዋሳ የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ነገር ግን አይታየውም።

«ተቀምጣችሁ ነው እንዴ የምትሠሩት?» አለ።

«ቆመን ስንሠራ ማን አመሰገነን?» አልኩት።

ሳጥኖቹን አየ። ፊቱ በራ። «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ይሄ እኮ ካይዘን ነው! የጃፓኖቹ አሠራር!»

«የኤርጎ አገር የቤት ሳር ነው» አልኩት። አልሰማኝም፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ እያነሣን ነበር። ፎቶው በዓመቱ ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጣ። መጨረሻው ወንበር በሩ አጠገብ ስለሆነ ከፊት ጎልቶ የሚታየው ጋሽ ሶርሳ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ይዞ።

መጻሕፍቱ ኦሞ ሳይሞላ ዱስ ደረሱ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ጥረዛ ክፍል አንደኛ መውጣቱ ተነገረ። ሩሃማ እየዘለለች አቀፈችኝ። ጋሽ ሶርሳ አንገቱን አቀርቅሮ ጸለየ፤ ጸሎቱ ረዘም ስላለ ሻያችን ቀዘቀዘ።

ከሽልማቱ በዓል በፊት በነበረው ዓርብ አቶ ፋሲል ቢሮው አስጠራኝ። «ስማችሁ ለቦርድ ቀርቦ ጸድቋል» አለኝ። «አራታችሁም መድረክ ላይ ትወጣላችሁ።»

«አምስት ነን።»

«ጋሽ ሶርሳ በመዋቅር ጠቅላላ አገልግሎት ሥር ናቸው። የተቀጠሩት በጉልበት ሠራተኝነት ነው። እናንተ ጋ በውሰት ነው የሚሠሩት።»

«ሰው እንደ መዶሻ በውሰት ይሰጣል?»

«እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። መዋቅሩ ነው፣ በኔ እጅ አይደለም።»

«ታዲያ በማን እጅ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ።

ጋሽ ሶርሳ ከእኔ አፍ ይስማው ብዬ በባጃጅ ቤቱ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሟል፤ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የተዋሰውን ኮት ለብሶ እየሞከረ። ሲያየኝ ክንዱን ዘረጋልኝ።

«ሙሉ፣ እጅጌው አልረዘመም?»

«አልረዘመም» አልኩት። ረዝሟል፤ ጣቱ ብቻ ነው የሚታየው። የመጣሁበትን ዋጥኩት። «በጣም ያምርብሃል» ብዬ ተመለስኩ። ባጃጁ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ልጅም አይቶ ሙዚቃውን ቀነሰልኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከመድረኩ በላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ጥቅሱን ማን እንደመረጠው አልጠየቅሁም። የቦርዱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ብዙወርቅ የክብር ቦታው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ሶርሳ ፊት ለፊት ረድፍ ላይ፣ ከመድረኩ ደረጃ አጠገብ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ደረጃ ለመውጣት ቅርብ እንዲሆን ብሎ ነው። ይሄ ሲገባኝ ዓይኔን ከእሱ ላይ አነሣሁ።

ስማችን ተጠራ። እኔ፣ ኤርጎ፣ ሚልክያስ፣ ሩሃማ። ከሩሃማ ቀጥሎ ጋሽ ሶርሳ ወንበሩን ተደግፎ በከፊል ተነሣ። አቶ ፋሲል ግን «በጊዜያዊነት ላገለገሉን ሠራተኞችም በጥቅሉ ምስጋናችንን እናቀርባለን» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ጋሽ ሶርሳ ትንሽ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ኮቱን ሊያስተካክል እንደተነሣ ሰው ጫፉን ሳብ ሳብ አድርጎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም፤ እሱ እንዲያፍር የተደረገበት ቦታ ላይ ቆሜ ስለሚጨበጨብልኝ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ የምስክር ወረቀቱን ሰጡኝ። ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። እንደ ልማዳችን በተራ ነበር የቆምነው፤ እጄም ራሱ ወደ ግራ ተዘረጋ። ኤርጎ ተቀበለኝ፤ ዓይኔን እንኳ አላየም፤ ለሚልክያስ ሰጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሚልክያስ ዝም ብሎ አሳለፈ። ሩሃማ ከመድረኩ ጫፍ ጎንበስ ብላ ወደ ታች ዘረጋችው።

ጋሽ ሶርሳ ተቀበላት። ጉልበቱ ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገው። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። እሱ ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማንበብ ጀመረ፤ ድርጅቱን፣ ዓመቱን፣ ስሞቹን አንድ በአንድ። ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

ቀና ብሎ «ጎድሏል» አለ።

ለሩሃማ መለሰላት። ሩሃማ ለሚልክያስ፣ ሚልክያስ ለኤርጎ፣ ኤርጎ ለእኔ። እኔ በቀኜ ወደቆመው ወደ አቶ ፋሲል ዘረጋሁት። ደንቡን ያውቃል፤ ሪፖርቱ ላይ በዝርዝር የጻፈው ራሱ ነው። ተቀበለኝ። በአንድ እጁ ማይክ፣ በሌላው የምስክር ወረቀት ይዞ ቆመ።

«ፋሲል» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ሪፖርቱ ላይ ያየሁት ፎቶ አምስት ሰው ነበረበት። ከፊት ያሉት እኚህ ሰውዬ አይደሉም?»

«ናቸው» አለ። ማይኩ አፉ ላይ ስለነበር እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

ከሰኔ ሠላሳ በፊት በነበረው የመጨረሻው የሥራ ቀን አቶ ፋሲል እኛ ክፍል መጣ። አምስት ስም ያለበት እንደ አዲስ የታተመ የምስክር ወረቀትና ቦርዱ ያጸደቀው የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ ይዟል። በሩ አጠገብ ለተቀመጠው ለጋሽ ሶርሳ ሊሰጥ ሲል «በመስመር ነው» አልኩት። ጠረጴዛውን ዞሮ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ለኤርጎ፣ ኤርጎ ለሚልክያስ፣ ሚልክያስ ለሩሃማ፣ ሩሃማ ለጋሽ ሶርሳ።

ሁለቱን ወረቀት አጋጥሞ ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረገ። ቀስ ብሎ አነበበ።

«ይሂድ» አለ፤ እንደ ልማዱም እጁን ወደ ግራው ዘረጋ። እዚያ ግን ሳጥኑ እንጂ የሚቀበለው ሰው የለም። ትንሽ ግራ ገባው። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ እንድትሰቅለው ለሩሃማ ሰጥቶ ደብዳቤውን አጠፈና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።