ከቶሪኖ እስከ ያሽ ሁለት ሰዓት ተኩል

ጣሊያን አገር አሮጊት የሚጦሩ የሮማኒያ ሴቶች አገራቸውን በኪሎ ሜትር አይለኩም፤ በአውሮፕላን ሰዓት ነው። ዶምኒካም እናቷ በስልክ «ናፈቅሽኝ» ባለቻት ቁጥር፣ «ከቶሪኖ እስከ ያሽ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው እኮ እማዬ! ካመመሽ ሻይሽ ሳይበርድ ከተፍ እላለሁ» ትላት ነበር። የምትጦራቸውን ሴትዮ ለማን ጥላ እንደምትነሳ፣ በየቀኑ የማይበረውን አውሮፕላን፣ ከያሽ ከተማ እናቷ መንደር ድረስ ያለውን የገጠር መንገድ አልቆጠረችም። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዲህ አድርጎ ነው።

ዛሬ ያ ቀን መጣ፤ እናቷ እያጣጣረች ነው። ዶምኒካ በጠዋት ቶሪኖ አውሮፕላን ማረፊያ ብትደርስም ጉም ሜዳውን ውጦታል። ታናሽ ወንድሟ ጋቭሪል ከእናታቸው አልጋ አጠገብ ሆኖ ደወለ።

«የት ደረስሽ?»

«እዚሁ ቶሪኖ ነኝ። ጉም ነው ይላሉ።»

«የምን ጉም! እዚህ ፀሐይ ነው!»

«ታዲያ ጉሙን እኔ ነኝ ያመጣሁት?»

ጋቭሪል ድምፁ ተሰበረ። «ሻማውን እምቢ አለች። ላስጨብጣት ስል ጣቷን ትቆልፋለች። ዶምኒካ ታስይዘኝ ነው የምትለው። ተሠቃየች እህቴ፤ አልሄድ አለች።»

በነሱ መንደር ሰው የበራ ሻማ ሳይጨብጥ ከሞተ መንገዱ ይጨልምበታል። አቅም ላጣ የሚያስይዘው ልጅ ነው። ዶምኒካ ዘጠኝ ዓመት የሰው እናት ስታጥብና ስታጎርስ ኖራ፣ ለገዛ እናቷ አንዲት ሻማ መያዝ አቃታት። እየሮጠች ሄዳ መሳፈሪያው በር ላይ የቆመውን ሠራተኛ፣ «እናቴ እየሞተች ነው» አለችው። ሰውየው ከልቡ አዘነላት፤ ምን ያድርግ፣ ጉሙን አይገፈው ነገር።

«እትዬ ሳፍታ እዚያ ናቸው?» አለች ስልኩን ወደ ጆሮዋ መልሳ። ሳፍታ የእናቷ ጎረቤት ናቸው።

«አሉ።»

«እጃቸውን እጇ ላይ ያድርጉላት። ዶምኒካ መጣች በላት፤ ዓይኗ እንደሆነ አያይም።»

«በሞት አፋፍ ላይ ልዋሻት?»

«ዋሻት! ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርግና እኔ አወራታለሁ።»

ማረፊያው ውስጥ የሚለፈልፈው ድምፅ ማጉያ እንዳያጋልጣት ጃኬቷን ራሷ ላይ ተከናንባ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዕንባዋን በግድ ዋጠችው።

«እማዬ፣ መጣሁልሽ። ይኸው እጄ።»

 የእናቷ ድምፅ እንደምንም ወጣ።

«ይሄ የሳፍታ እጅ ነው።»

«እማዬ... ይቅር በይኝ... ጉሙ ነው...»

«ልጄ አልሆነላትም» አለች እናቷ፣ ለሳፍታ ነበር። «እንዳትቆጧት። በይ ሻማውን አምጪው።»

ክብሪት ሲጫር ተሰማ። ሳፍታ መጸለይ ጀመሩ። ዶምኒካም ጃኬቷ ውስጥ እንደተሸፈነች አብራቸው ጸለየች፤ ጸሎቱ መሐል ላይ ተቋርጦ ጋቭሪል እስኪጮህ ድረስ።

ከቀትር በኋላ ጉሙ ተገፎ በሩ ተከፈተ። መንገደኛው ተንጋግቶ ተሰለፈ፤ ዶምኒካም እናቷን ለመቅበር ተሰለፈች።