ሰባቱ ነጫጭ ነጥቦች

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ቅቤ ጠብ ያለበት አይመስልም?» አለች ነርሷ፣ ጣቷን በአዲሱ መኪናዋ ኮፈን ላይ አሳርፋ።

ቀለም ቀቢው ጎንበስ ብሎ አየ። ነጭ ነው። ትናንት በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ የሞላቸው ሰባት ነጥቦች የት የት እንደነበሩ ለማግኘት በጣቱ መዳሰስ ነበረበት። ድሮ እንዲህ ሲሆን ሥራው ሰመረ ማለት ነበር።

ነርሷ መኪናዋን ከገዛች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና ከፊቷ ሲሄድ የተፈናጠረው ጠጠር ኮፈኑን ሰባት ቦታ ላይ ላጠው። እሷም ዝገት ሳይገባው ብላ ወደዚህ ጋራዥ ከነፈች። ያለማሽን፣ በዓይኑ ብቻ ቀለም ስለሚያገጥም ሰፈሩ ሁሉ «ሚዛኑ» የሚለውን ሰው ትታ የት ትሄዳለች?

«ሲደርቅ ይስተካከላል» አላት።

ውሸቱን ነው። ቀለሙ ከደረቀ ቆይቷል። ነርሷ ግን «እርስዎ ካሉማ» ብላ መኪናዋን ትታለት ወደ ሥራዋ ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ደንበኛ ይህንኑ ቅሬታ ይዞ ሲመጣ ቀለም ሻጩን ረግሞ ተገላግሏል። በኋላ ግን ተደብቆ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደ። «የተጎዳው የዓይንዎ ነርቭ ነው» አለው ሐኪሙ። «ቢጫና ሰማያዊ የሚምታታብዎት ለዚህ ነው። ጠብታው ያለውን ያቆይልዎታል እንጂ የሄደውን አይመልስም።» ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም።

ሚስቱ ምሳውን ይዛ ስትመጣ ኮፈኑ ፊት ተቀምጦ አገኘችው። መኪናውን አንዴ አየችና ሳህኖቹን ማውጣት ጀመረች። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ዝም ያለችባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። 

«ተናገሪ እንጂ» አላት።

«ምን ልናገር? ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

«ስንቱ ይታይሻል?»

«ሰባቱም» አለች፣ ሳህኑን ወደ እሱ እያስጠጋች።

ሐኪሙን፣ ነርቩን፣ ጠብታውን ሁሉንም ዘረገፈላት። ታለቅሳለች ብሎ ሲፈራ እሷ ተቆጣች።

«እኔ ባዳ ነኝ? ሦስት ሳምንት ሙሉ ብቻህን ስትቃጠል።»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? የማውቀው ይኼንኑ ነው። ነጭን ከነጭ ካልለየሁ እኔ ምንድን ነኝ?»

«ባሌ ነሃ፣ ሌላ ምን ትሆናለህ? ተነስ አሁን፣ እኔ አይልሃለሁ።»

ምሳው እንደቀረበ ቀረ። ሰባቱን ነጥቦች ፍቆ አነሳ። ከዚያ ነጩ ላይ ጥቂት ጥቁር፣ ጥቂት ሰማያዊ እየጨመረ በትንንሽ ቆርቆሮዎች ላይ ዘጠኝ ዓይነት ነጭ ቀብቶ ደረደረላት። እሷ እያንዳንዱን ወደ ኮፈኑ እያስጠጋች፣ «ይኼ የታመመ ሰው ፊት ነው፤ ይኼ አመድ ነክቶታል፤ ይኼስ ውኃ የበዛበት ወተት» እያለች ስትጥል ሳያስበው ሳቀ። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይኼ ነው። አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይታወቅም።»

እሱ ገና ሲቀባው ሊጥለው የነበረው ይህንኑ ስድስተኛውን ነው። ሳቁ ጠፋ። እጁ ግን አልከዳውም፤ ብሩሹ ሰባቱ ላይ ሲያርፍ እንደ ወጣትነቱ ጊዜ ነበር። ይህ የበለጠ አሳዘነው።

በሙቅ አየር አድርቆ፣ ወልውሎ ሲጨርስ ነርሷ ከሥራ ወጥታ መጣች። ኮፈኑን ከግራም ከቀኝም አየችው።

«እንዳሉት ሲደርቅ ተስተካከለ!» አለች። «እኔ ደግሞ ባለሙያ ላስተምር እነሳለሁ። አብራኝ የምትሠራ ሐኪም አለች፤ አዲስ መኪና ገዝታ በሩን ጭራዋለች። ነገ ይዣት እመጣለሁ።»

ሚስቱ ከነርሷ ኋላ ሆና፣ እሺ በል ብላ በዓይኗ ጠቀሰችው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም ምሳውን ይዛ እየመጣች ነጩን እንደምትመርጥለት ያውቃል። ማንም ላያውቅ ይችላል። ልቡ ለአፍታ ወደዚያ አደላ።

«ልጄ፣» አላት ነርሷን፣ «ደርቆ አይደለም የተስተካከለው። ጠዋት ያየሽው ልክ ነበር። እንደገና ነው የሠራሁት፤ ነጩን የመረጠችው ደግሞ ሚስቴ ናት። የእኔ ዓይን ከእንግዲህ ቀለም አያገጥምም።»

ነርሷ «ሕክምና...» ብላ ጀምራ፣ ራሱን ሲነቀንቅ ተወችው።

«ሐኪሟን ማዶ ወዳለው ጋራዥ ውሰጂያት። እነሱ ቀለም የሚለይ ማሽን አላቸው።»

መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ ሚስቱ፣ «እኔ እኮ በየቀኑ እየመጣሁ አይልህ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ። ዘጠኝ ነጭ ደርድሬ ፊት ፊትሽን ሳይ ግን ልመና መሰለኝ።»

እጁን ታጠበ። ከመደርደሪያው ላይ ጥቅል የብርጭቆ ወረቀትና የሚጠቀለልበትን ቁራጭ እንጨት አነሳ።

«ደግሞ የት ልትሄድ ነው?»

«ማዶ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቆርቆሮውን የሚያሽ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ማሸት? ያንን የጀማሪ ሥራ?»

«ማሸት በእጅ ነው» አላት። ሰዎቹ ሳይዘጉ ልድረስ ብሎ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ መንገዱን ተሻገረ።